በራሳችን ዘመን የሚካሄዱ የጠረጴዛ ሚና ጨዋታዎች፦ የሕግ ሥርዓቶቻቸው ንጽጽር

የጠረጴዛ ሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው አንድን ታሪክ በንግግር አብረው የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። አንዱ የጨዋታ መሪ ሆኖ ዓለሙንና በውስጡ የሚኖሩትን ሰዎች ይወክላል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛሉ፤ የአንድ ድርጊት ውጤት አጠራጣሪ ሲሆን ደግሞ ዳይስ (በየገጹ ቁጥር ያለበት መጫወቻ) ተጥሎ በሕግ መጽሐፉ መሠረት ይወሰናል። የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የታተመው ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ሲሆን ዓለሙ የሰይፍና የአስማት ዓለም ነበር። ስልክ፣ መኪና፣ ፖሊስና የባንክ ሂሳብ ስላለበት ስለ ራሳችን ዘመን የተዘጋጁ ሥርዓቶችም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉ። በ1980 የወጣው ቶፕ ሲክሬት የሰላዮች ጨዋታ ነበር፤ በ1983 የታተመው የጀምስ ቦንድ 007 ጨዋታ ደግሞ በመኪና ማሳደድ ጊዜ ሁለቱ ወገኖች የሚሞክሩትን ነገር ክብደት እየተፎካከሩ የሚጨምሩበት ጨረታ መሰል ዘዴ ይዞ መጣ።

ዘመናዊው ዓለም ለሕግ ጸሐፊ ከምናባዊው ዓለም ይከብዳል። ዘንዶ የሚተፋው እሳት ምን ያህል እንደሚያቃጥል በዓይኑ ያየ ሰው ስለሌለ መጽሐፉ የሚሰጠውን ቁጥር ሁሉም ይቀበላል። ጥይት ሰውን ምን እንደሚያደርግ፣ በስልክ ምን ማወቅ እንደሚቻል፣ ያለፈቃድ ከሥራ የቀረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ግንዛቤ አለው፤ ሕጉ ከዚህ ግንዛቤ ጋር ሲጋጭ ጨዋታው ቆሞ ክርክር ይጀመራል። ስለዚህ ሥርዓቶቹን በሚጠቀሙበት የዳይስ ዓይነት ብቻ ማወዳደር ሩቅ አያደርስም። ይበልጥ የሚጠቅመው እያንዳንዱ ሥርዓት ስለ ጦር መሣሪያ፣ ስለ መረጃና ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ ምን እንደሚል፣ ምኑንስ ለጨዋታ መሪው ፍርድ እንደሚተው መመርመር ነው።

ለየትኛውም ዘመን እንዲያገለግሉ ከተዘጋጁት ጠቅላላ ሥርዓቶች መካከል በዝርዝሩ የሚታወቀው ገርፕስ ነው። ስቲቭ ጃክሰን ጌምስ በ1986 ባሳተመው፣ በ2004 ደግሞ አራተኛ እትሙ በወጣው በዚህ ሥርዓት ሦስት ባለ 6 ገጽ ዳይሶች ይጣላሉ፤ ድምራቸው ከገጸ ባሕርይው የክህሎት ቁጥር እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ ድርጊቱ ይሳካል። ክህሎቱ 10 የሆነ ሰው የመሳካት ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ 12 ሲሆን ወደ 74 በመቶ፣ 14 ሲሆን ወደ 91 በመቶ ይደርሳል። የሦስት ዳይሶች ድምር ወደ መካከለኛው ቁጥር ስለሚሰበሰብ የሠለጠነ ባለሙያ በሙያው እምብዛም አይሳሳትም፤ ይህም ስለ ሐኪም፣ ስለ አብራሪ ወይም ስለ መካኒክ ካለን ግንዛቤ ጋር ይስማማል። ውጊያው ግን ሰከንድ በሰከንድ ስለሚቆጠር አሥር ሰከንድ የማይሞላ የተኩስ ልውውጥ ከጨዋታው ጊዜ ትልቁን ክፍል ሊወስድ ይችላል፤ የጨዋታ መሪውም ከሰፊው መጽሐፍ ለታሪኩ የሚያስፈልገውን ብቻ አስቀድሞ መርጦ ካልመጣ በዝርዝር ብዛት ይዋጣል።

በ2003 የወጣው ሳቬጅ ወርልድስ በተቃራኒው መንገድ ይሄዳል። እያንዳንዱ ክህሎት ከባለ 4 ገጽ እስከ ባለ 12 ገጽ በሚደርስ አንድ ዳይስ ይገለጻል፤ ዋና ገጸ ባሕርያት ከዚሁ ጋር አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ጨምረው ይጥሉና የተሻለውን ይወስዳሉ፤ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ ይሳካላቸዋል። በዚህ ስሌት ባለ 4 ገጽ ዳይስ ያለው ጀማሪ 62.5 በመቶ፣ ባለ 12 ገጽ የያዘው ሊቅ ደግሞ 87.5 በመቶ ዕድል አለው። በጀማሪና በሊቅ መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል መጥበቡ ሥርዓቱ ለፈጣን ጀብዱ መሠራቱን ያሳያል፤ ከፍተኛ ቁጥሩ የወጣበት ዳይስ እንደገና ተጥሎ ስለሚደመርም አልፎ አልፎ ማንም ያልጠበቀው ምት ይመጣል። ማሳደድና የብዙ ሰው ተኩስ ለሚወድ ቡድን ከጠቅላላ ሥርዓቶች መካከል ይህን አስቀድማለሁ።

የሥርዓቶቹ ልዩነት በግልጽ የሚታየው ግን ሽጉጥ በሚመዘዝበት ጊዜ ነው። ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በ2002 ያወጣው ዲ-ትዌንቲ ሞደርን የደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስን አጥንት ወደ ዛሬው ዘመን ያመጣ ሥርዓት ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ደረጃቸው ከፍ ባለ ቁጥር የሕይወት ነጥባቸው፣ ማለትም ከመውደቃቸው በፊት የሚችሉት የጉዳት መጠን፣ ይጨምራል። የተለመደ ሽጉጥ የሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይሶች ጉዳት ያደርሳል፤ ይህም በአማካይ 7 ነጥብ ነው። ስለዚህ 30 ነጥብ ያለው ገጸ ባሕርይ በአማካይ አራት ጥይት ተመትቶም እንደ ቆመ ይቀራል ማለት ነው። አዘጋጆቹ ይህን ለማረም አንድ ምት ብቻውን በተመቺው የአካል ጥንካሬ ቁጥር የሚወሰነውን ከባድ ጉዳት ካደረሰ፣ ተመቺው ዳይስ ጥሎ ካልተረፈ ወዲያው እንዲወድቅ ደነገጉ። ጥንካሬው 12 ለሆነ ሰው ግን ጉዳቱ 12 እንኳ የሚሞላው ሁለቱም ዳይሶች 6 ሲወጡ ነው፤ ይህ ደግሞ ጉዳትን የሚያበዛ ልዩ ምት ካልታከለበት ከ36 አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። ተጫዋቾች ቁጥሩን ሲረዱ ሽጉጥ መፍራት ያቆማሉ፤ ሽጉጥ የማያስፈራበት ዘመናዊ ከተማም ወዲያው ዘመናዊነቱን ያጣል።

ዴልታ ግሪን ለዚሁ ችግር የሰጠው መልስ ከማውቃቸው ሁሉ ጠንካራው ነው። ጨዋታው በ1997 ኮል ኦቭ ክቱሉ የተባለው የአስፈሪ ምርመራ ጨዋታ ማሟያ ሆኖ ወጥቶ በ2016 ራሱን የቻለ ሥርዓት ሆነ፤ የሚጫወተውም ከተፈጥሮ ውጭ የሆነን አደጋ በምስጢር ስለሚዋጉ የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞች ነው። እንደ ተከታታይ ተኩስ ወይም ፈንጂ ያሉ ከባድ መሣሪያዎች በመቶኛ የሚለካ የገዳይነት መጠን አላቸው። የአንዱ መሣሪያ መጠን 10 በመቶ ነው እንበል፤ ከመቶ በሚጣለው ዳይስ 10 ወይም ከዚያ በታች ከወጣ የተመታው ሰው ይሞታል። ከዚያ በላይ ከወጣም አይድንም ይሆናል፤ ለምሳሌ 47 ቢወጣ 4 እና 7 ተደምረው 11 ነጥብ ጉዳት ይሆናሉ፣ የአንድ ተራ ሰው የሕይወት ነጥብም በዚያው አካባቢ ነው። በአንድ ውርወራ ሁሉም ነገር ስለሚያልቅ ረጅም ስሌት የለም፤ ከመተኮስ በፊት የሚደረገው ውይይት ግን ይረዝማል። በ1998 የወጣው አንኖውን አርሚስ ከዚህም አልፎ ተጫዋቹ የቀረውን የሕይወት ነጥብ እንዳያውቅ ያደርጋል፤ የጨዋታ መሪው ቁጥሩን ለራሱ ይዞ ቁስሉን በቃል ብቻ ይገልጻል። የውጊያ ምዕራፉም የሚጀምረው ውጊያን ማስቆም የሚቻልባቸውን ስድስት መንገዶች በመዘርዘር ነው፤ እጅ መስጠት፣ መሸሽና ፖሊስ መጥራት ከነዚህ መካከል ናቸው።

ዘመናዊ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ ምርመራ ስለሆኑ የመረጃ ጉዳይም ከተኩሱ ያላነሰ ክብደት አለው። በ1981 የወጣው ኮል ኦቭ ክቱሉ በመቶኛ ክህሎቶች ይሠራል፤ ፍለጋው 40 በመቶ የሆነ መርማሪ ከአሥር ጊዜ ስድስቱን ፍንጩን ያልፈዋል። ሰባተኛው እትም ያልተሳካን ሙከራ በከፋ መዘዝ እንደገና ለመሞከር ይፈቅዳል፤ ሆኖም ታሪኩ በአንድ ክፉ ዳይስ ምክንያት ሊቆም የሚችልበት አደጋ ፈጽሞ አልተወገደም። ሮቢን ሎውስ የነደፈውና ከ2007 ጀምሮ በፔልግሬን ፕሬስ የሚታተመው የገምሹ ሥርዓት ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል፦ ተገቢው ክህሎት ያለው ገጸ ባሕርይ ተገቢው ቦታ ላይ ከደረሰ ዋናውን ፍንጭ ያለ ዳይስ ያገኛል፤ የተጫዋቾቹ ሥራ ፍንጮቹን አገናኝቶ መረዳት ነው። በዚሁ ሥርዓት የተሠራውና በ2012 የወጣው ናይትስ ብላክ ኤጀንትስ ሰላዮች ሊኖራቸው የሚገባውን የሰው ትውውቅ በነጥብ ይለካዋል፤ ተጫዋቹ ከክምችቱ ነጥብ አውጥቶ በዚያ ከተማ የሚያውቀውን ሰው እዚያው ይፈጥራል። ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ብቻ የሚጥለው ሞንስተር ኦቭ ዘ ዊክ ደግሞ አፖካሊፕስ ወርልድ ከተባለ ሌላ ጨዋታ የወረሰውን ስልት ይከተላል፤ ድምሩ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ስኬት፣ ከ7 እስከ 9 ከሆነ ዋጋ የሚያስከፍል ስኬት ነው፤ ከዚያ ካነሰ ነገሩ ይበላሻል። ምንም ተጨማሪ ነጥብ ከሌለ ሙሉ ስኬት 17 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ታሪኩ ያለማቋረጥ ከአንዱ ጣጣ ወደ ሌላው ይሄዳል።

የዕለት ተዕለት ኑሮን በሕግ ለመያዝ የሞከሩት ጥቂቶች ናቸው። ዲ-ትዌንቲ ሞደርን ገንዘብ ከመቁጠር ይልቅ የገጸ ባሕርይውን የመግዛት አቅም በአንድ ቁጥር ይገልጻል፤ ከአቅም በላይ የሆነ ግዢም ቁጥሩን ይቀንሰዋል። ብልህ ዘዴ ነው፤ ዕዳ ያለበት ሰው ጭንቀት ግን በውስጡ አይታይም። ፌት በተባለው ሌላ ጠቅላላ ሥርዓት ተጫዋቹ የገጸ ባሕርይውን ማንነት በአጭር ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፤ «ለታናሽ እኅቱ የማይዋሽ መርማሪ» ብሎ ከጻፈ የጨዋታ መሪው ነጥብ ሰጥቶ ያንኑ እውነተኛነት በክፉ ሰዓት እንዲያስቸግረው ማድረግ ይችላል። በ1991 የወጣው ቫምፓየር፦ ዘ ማስከሬድ ተጫዋቾቹን ራሳቸውን ጭራቅ አድርጎ በሰው መካከል ተደብቀው እንዲኖሩ በማድረግ ተራውን ኑሮ ጭንብል አደረገው፤ የሰብአዊነት መለኪያውም እየቀነሰ ሲሄድ ገጸ ባሕርይው አውሬ ወደ መሆን ይጠጋል። ዴልታ ግሪን እዚህም ልዩ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከባለቤቱ፣ ከልጁ ወይም ከባልንጀራው ጋር ያለው ትስስር በቁጥር ይመዘገባል፤ አስፈሪ ነገር ሲገጥመው የአእምሮ ጉዳቱን ቀንሶ በዚያው መጠን ከትስስሩ ላይ ማስቀነስ ይችላል። ስለዚህ ሰውየው ራሱን ባዳነ ቁጥር ትዳሩ ይላላል፤ በተልዕኮዎች መካከልም ቤቱ ገብቶ የሆነውን የሚያይበት ትዕይንት ይጫወታል። ተጫዋቾች ለተኩሱ ያልሰጡትን ዝምታ ለዚህ ሲሰጡ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከነዚህ ሁሉ ለየት ብሎ የሚቆመው በ2009 የወጣው ፊያስኮ ነው፤ የጨዋታ መሪ የለውም፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰው በአንድ መቀመጫ ጀምሮ ይጨርሰዋል፣ ታሪኩም ትልቅ ምኞት ይዘው ስለሚከስሩ ተራ ሰዎች ነው። አንድ ቀን ብቻ መገናኘት ለሚችል ቡድን ይመቻል። ለወራት ለመቀጠል የሚያስብ ቡድን ግን መጀመሪያ ገጸ ባሕርያቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንዲጠነክሩ ወይስ እንዲጎዱ እንደሚፈልግ ቢነጋገር ይሻላል፤ ለመጀመሪያው ሳቬጅ ወርልድስ፣ ለሁለተኛው ዴልታ ግሪን ይስማማሉ። መጽሐፍ ሳይገዛ መሞከር ለሚፈልግም መንገድ አለ፦ የገርፕስ 32 ገጽ ማጠቃለያ በነጻ ይገኛል፣ የፌት ሕጎችም በክፍት ፈቃድ ስለወጡ ማንም ሰው አውርዶ ሊያነባቸው፣ ከፈለገም በነሱ ላይ የራሱን ጨዋታ ሊሠራ ይችላል።