ሳይቸግር ጤፍ ብድር፦ ለማን የተነገረ ነው?

በቅርቡ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በተደረገ የሠራተኞች ውይይት ላይ አንዲት ወጣት ባልደረባችን እጇን አወጣች። በሰፈሯ ውሃ በፈረቃ ይመጣል በተባለበት ቀን እንኳ ቧንቧው ደርቆ እንደሚውል ገልጻ፣ ምክንያቱን የሚያስረዳት ሰው እንደምትፈልግ በትሕትና ጠየቀች። ከአዳራሹ ስንወጣ አንድ የማከብረው አንጋፋ ሠራተኛ ጠጋ ብሎ «ምን አገባሽ እህቴ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አላት። በዙሪያው የነበሩት በሳቅ አጀቡት። እሷም አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ ሳዳምጥ፣ አባባሉ በየቢሮው የሚነገረው እንዲሁ ነው። ስለ ኑሮ ውድነት አፉን የከፈተ፣ ስለ ተቆፍሮ ስለቀረው መንገድ አቤቱታ የጻፈ፣ የደመወዙ ስሌት አልገባኝም ብሎ ሒሳብ ክፍል የሄደ፣ ሁሉም «ሳይቸግረው ጤፍ የተበደረ» ይባላል። ሰውን ዝም ለማሰኘት የሚመዘዝ ቃል ሆኗል። እንዲህ የሚሉት ሰዎች «ጤፍ ብድር» የሚለውን አጥብቀው ይዘው «ሳይቸግር» የሚለውን ጥለውታል። ውሃ የጠማው ሰው ውሃ ቢጠይቅ የቱ ላይ ነው «ሳይቸግር»? ይህን አባባል ያደግሁበት ቤት ከነሥርዓቱ ያውቀዋልና፣ ነገሩን ከዚያ ልጀምር።

ያደግሁት ጎጃም ውስጥ ይልማና ዴንሳ፣ ከአዴት ከተማ ወጣ ብሎ ነው። በዚያ አገር ጤፍም ዳጉሳም ይዘራል፤ በቆሎና ገብስም አለ። ጤፍ ግን የሁልጊዜ ምግባችን አልነበረም። ጤፍ ገበያ የሚወጣ እህል ነው። ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለግብር፣ ለልጅ ደብተር፣ ለጨውና ለላምባ የሚሸጠው እሱ ነው። ቤት የሚቀረው ጥቂቱም ለእንግዳ፣ ለዝክርና ለዓመት በዓል ይቀመጣል። በሌላው ቀን የሚጋገረው የዳጉሳና የበቆሎ ቅይጥ ነው። የዳጉሳ እንጀራ መልኩ ጠቆር ይላል፤ ከተሜ ያፍርበት ይሆናል እንጂ ጧት የበላውን ገበሬ ሞፈር አስይዞ እስከ ቀትር ያውላል።

ጤፍ የተከበረው ያለ ምክንያት አይደለም። መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ሐምሌ ላይ ዘሩ ከመበተኑ በፊት ማሳው በከብት ይረገጣል፤ ከብቱን በጭቃው ውስጥ የምንነዳው እኛ ልጆች ነበርን፤ ማታ ጭቃው ከእግራችን በእንጨት እየተፋቀ ነበር የምንገባው። አረሙ ተጎንብሶ በእጅ ይለቀማል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ታጭዶ ይከመራል፤ ከዚያም አውድማው በእበት ይለቀለቃል። በእበት ያልተለቀለቀ አውድማ ላይ ጤፍ አይወቃም፤ ፍሬው በመሬቱ ስንጥቅ ገብቶ ይቀራልና። የአንዲት የስንዴ ፍሬን ክብደት ለማምጣት 150 ያህል የጤፍ ፍሬ ያስፈልጋል ይባላል። ይህን ያህል ደቃቅ ነገር ከእርሻ እስከ ጎተራ አድርሶ ከዚያ ላይ ማበደር ቀላል ልግስና አይደለም።

አያቴን እናና ነበር የምንላት። የእህል ብድር ሥርዓቷ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ጎረቤት የእህል መስፈሪያ ቁና ይዛ ስትመጣ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ እናና የምትጠይቃት «ለምንሽ ነው፣ እታለም?» ብላ ነበር። ለዘር ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ዘር ያለቀበትን ገበሬ መከልከል በእግዜርም በሰውም ዘንድ ነውር ነው። አራስ አለችብኝ ካለችም እንዲሁ። ሰው ሞቶብን ነው ካለች ብድርነቱም ይቀራል፤ ቁናው ሞልቶ ይሄዳል፣ ይመለስ የሚል የለም።

ከዚያ ቁርበቱ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ ቁናውም መሐሉ ላይ ይቀመጣል። እናና ጤፉን ከላይ በቀስታ ታፈስሰዋለች፤ እየተቆለለ ሄዶ ጫፉ ሲሾልና በጎን በኩል መንሸራተት ሲጀምር ታቆማለች። ቁናውን መነቅነቅ አይፈቀድም። ጤፍ ሲነቀነቅ ይጠቀጠቅና ሌላ ብዙ ይወስዳል፤ ተነቅንቆ የተሰጠ ጤፍ ሳይነቀነቅ ቢመለስ በሁለት ቤቶች መካከል ቅሬታ ይገባል። ስለዚህ ሲሰጥም ሲመለስም በዚያው ቁና፣ በዚያው አኳኋን ነው። በመጨረሻ ቁርበቱ ላይ የፈሰሰውን በጣቶቿ ጫፍ ሰብስባ ቁልሉ ላይ ትጨምረዋለች። መላሿም ስትመልስ በመንገድ ለፈሰሰው ማካካሻ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ይህን ማንም አይጠይቃትም፤ ሳትጨምር ብትቀር ግን ይታወቅባታል።

አንድ ነሐሴ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ አንዲት ጎረቤታችን ሁለት ቁና ጤፍ ፈልጋ መጣች። «ለምንሽ ነው?» ስትባል፣ የልጇ አማቾች እንደሚመጡና ዳጉሳ አቅርባ መዋረድ እንደማትፈልግ ተናገረች። ጎተራዋ ዳጉሳና ገብስ እንደነበረበት መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እናና አልከለከለቻትም፤ በዚያው በቁርበቱ ላይ ሰፍራ ሰጠቻት። ሴትዮዋ አጥሩን ከተሻገረች በኋላ ግን እናና ወደ እናቴ ዘወር ብላ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለች። በዚያ ዓመት የሴትዮዋን ጤፍ በረዶ መታባት። ያንን ሁለት ቁና ለመመለስ ጠቦት ሸጠች።

እንግዲህ ጥያቄው ለምን ጤፍ የሚለው ነው። ለምን «ሳይቸግር በቆሎ ብድር» አልተባለም? ብዙ ሰው የሚመልሰው ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ሲሰፈር ያጣላል ብሎ ነው። ይህ እውነት ቢሆንም ለእኔ ግማሽ መልስ ነው። ማጣላቱን ቁናውና ቁርበቱ አስቀርተውታል፤ ሥርዓቱ የቆመው ለዚሁ ነው።

የእኔ እምነት ነቀዝ ላይ ነው። በቆሎን፣ ማሽላንና ስንዴን ነቀዝ ይበላቸዋል። በክረምት ጎተራው ውስጥ ነቀዝ የገባበት ባለ በቆሎ፣ ጎረቤቱ ሊበደር ቢመጣ ደስ ይለዋል፤ የሚበላሸውን ሰጥቶ ታኅሣሥ ላይ አዲሱን ይቀበላል። በዚህ ብድር ተበዳሪው ብቻ አይደለም የሚጠቀመው። ጤፍን ግን ነቀዝ አይደፍረውም። ደርቆ ከገባ ዓመት አልፎ ዓመት ይቀመጣል። ዳጉሳም በዚህ በኩል ጠንካራ ነው፤ ዋጋው ግን ከጤፍ ጋር አይወዳደርም፣ ለእንግዳም አይጠበቅም። በመሆኑም ጤፍ ያለው ሰው ለማበደር የሚያጣድፈው ነገር የለም። ይባስ ብሎ ጤፍ በነሐሴ ውድ ነው፣ በጥር ደግሞ ይረክሳል፤ በነሐሴ ቁና የሰጠ በጥር ቁና ሲመለስለት በስፍር እኩል ይሁን እንጂ በብር ከስሯል። አራጣ የማይበላ ጎረቤት ይህን ኪሳራ ዝም ብሎ ይቀበላል። ተበዳሪው ታዲያ እህሉን ቢመልስም ውለታው አንገቱ ላይ ይቀራል። የቸገረው ሰው ይህን ውለታ ቢሸከም ማንም አይፈርድበትም። አባባሉ የሚወቅሰው በገዛ ጎተራው እህል እያለው፣ ለታይታ ሲል ይህን ሸክም የሚያነሣውን ነው።

አባባሉ የወጣው ከሴቶች አፍ ነው ብዬም አምናለሁ። ስለ በሬ፣ ስለ ርስትና ስለ ሙግት የሚናገሩት ምሳሌዎች የአደባባይ ናቸው፤ የወንዶቹ ድምፅ ይሰማባቸዋል። ይህኛው ግን የጓዳ ነው። ቁናውን የምታውቅ፣ ማን በምን ወር ምን እንዳለው የምታስታውስ፣ ያበደረችበትን ቀን በወር በዓል የምትቆጥር ባለ ቤት ካልሆነች በቀር ማን ይለዋል? አጭርነቱንም እዩት። በር ላይ ቆሞ፣ ሊጥ በእጅ እንዳለ፣ ለምራት የሚወረወር ቃል ነው።

ወደ ቢሯችን ልመለስ። የምንኖርበት አገር የቸገረው ሰው ሲጠይቅ እንዴት እንደነበረ ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ የጎጃም ገበሬ ይህ ግብር ርስቴን ይነካል ብሎ ሰጋና ተቃወመ። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞት ገበሬው መልእክተኞችን ላከ፣ አቤት አለ፣ አልሰማ ሲባልም መሣሪያ አነሣ። ብዙ ደም ፈሰሰበት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፣ የግብር ውዝፍም ተማረ። ያ ሁሉ ደም ሳይፈስ በመጀመሪያው አቤቱታ ቢሰሙ ምንኛ መልካም ነበር። ያንን ገበሬ «ሳይቸግርህ ጤፍ ተበደርህ» ያለው አልነበረም። ግብሩን የሚከፍለው እሱ ስለሆነ መጠየቁ የተገባ ነበር። የውሃ ቢል የምትከፍል ሠራተኛ ስለ ውሃ ስትጠይቅም የተገባ ነው።

አባባሉ በቢሯችን የሚነገርበት ቦታ ጠፍቶ ግን አይደለም። በሻይ ሰዓት የምናወራውን አስተውሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ በተወበት ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከመካከላችን ዘይትና ሳሙና የማይገዛ የለም፤ ዋጋው እንዴት እንደተለወጠ ሁላችንም በኪሳችን እናውቀዋለን። ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ይህ አልነበረም። አንዱ ከዩቲዩብ፣ ሌላው ከቲክቶክ፣ ሦስተኛው ከቴሌግራም የሰማውን የተንታኝ ቃል እየጠቀሰ እንደ ራሱ አሳብ ይሟገትበታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅም እንዲሁ ነበር። ዓባይን በየቀኑ የሚያዩ፣ ከግሽ ዓባይ ውሃ የቀዱ ሰዎች ስለ ገዛ ወንዛቸው ከሩቅ የተነገረውን ብቻ ሲያስተጋቡ ሰምቻለሁ።

የባሰውን ያየሁት በደመወዝ ግብሩ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ምክር ቤቱ የገቢ ግብር አዋጁን ሲያሻሽል፣ ከግብር ነፃ የሚሆነው መነሻ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። በእኛ የሻይ ጠረጴዛ «ምንም አልተለወጠም፣ ስሙ ነው የተለወጠው» የሚል አንድ ወገን፣ «የሠራተኛው ችግር ተፈታ» የሚል ሌላ ወገን ተፈጠረ። ሁለቱም ወገን ስልኩን እያወጣ የሰማውን ያሰማል። በመጨረሻ የሒሳብ ሠራተኛችን ወረቀት ሳበችና በ5,000 ብር ደመወዝ አሰላችው። ቀድሞ የሚቆረጠው 697 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ በአዲሱ 500 ብር ሆነ። ልዩነቱ 197 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት በሚለው መከራከር ይቻላል፤ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ከጎኑ ቢጻፍ ደግሞ ክርክሩ ፍሬ ይኖረዋል። እስከዚያች ደቂቃ ግን የደመወዝ ወረቀቱ በሁላችንም መሳቢያ ውስጥ እያለ ያወጣው ሰው አልነበረም።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ይህ ነው። የገዛ ጎተራ ሙሉ ነው፤ የደመወዝ ወረቀት አለ፣ የገበያ ዋጋ አለ፣ በየቀኑ የምንሄድበት መንገድ አለ። ዳጉሳ ሆኖብን ግን እናፍርበታለን። የሰው አሳብ ተበድረን እንቀርባለን፤ ያበደረን ሰው ሲሳሳት ወይም ቃሉን ሲለውጥ እኛ ከባልደረባችን ጋር ተኳርፈን እንቀራለን። ጋዜጣና ሬዲዮ አይከተሉ አልልም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ወሬ ማጣት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አይተናል፤ የልጁን ደኅንነት ለማወቅ ከመንገደኛ ወሬ የጠየቀ ሰው በእውነት የቸገረው ነበር። አሁን የምወቅሰው ሳይቸግረው የሚበደረውን ነው።

ስለዚህ አባባሉን የምትወዱ ባልደረቦቼ፣ ቦታውን እወቁለት። በስብሰባ ላይ ተነሥታ ስለ ቧንቧዋ የምትጠይቅን ሴት በዚህ ቃል አታሸማቅቁ። በቅርቡ «ነዳጅ ሊጠፋ ነው» የሚል የድምፅ መልእክት ከማያውቀው ሰው ተቀብሎ ላለበት ቡድን ሁሉ ያስተላለፈ ሠራተኛ ነበር። ባለ ባጃጁ ሥራውን ትቶ ማደያ ሲሰለፍ ዋለ፤ ነዳጁም አልጠፋም። ከየት ሰማኸው ሲባል «እኔ እንጃ፣ ተልኮልኝ ነው» አለ። ያን ቀን ማንም ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አላለውም፤ መባል የነበረበት ግን እሱ ነበር።