ቪዛው ተሰረዘ ማለት አለቀ ማለት ነው?

ደብረ ብርሃን ያለ ቤተሰብ አውስትራሊያ ያለው ልጁ ታስሮ «ቪዛው ተሰረዘ» ሲባል ወዲያው ተስፋ ይቆርጣል። ጉዳዩ ግን ገና ነው።

በአውስትራሊያ የስደት ሕግ አንቀጽ 501 መሠረት ዜጋ ያልሆነ ሰው 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ተፈርዶበት እስር ቤት ካለ ቪዛው የግድ ይሰረዛል። ሁለት የ6 ወር ፍርዶችም ተደምረው ቪዛውን ሊያሰርዙ ይችላሉ፤ እዚህ ላይ ግን ስረዛው የግድ አይደለም። ቋሚ ነዋሪነት አያድንም፤ ሃያ ዓመት ግብር የከፈለም ዜግነት ካልወሰደ ያው ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

የስረዛው ደብዳቤ ከደረሰው በኋላ ስረዛው እንዲነሳለት ለመጠየቅ 28 ቀን አለው። ካለፈ አለፈ ነው። እምቢ ካሉት ለአስተዳደር ውሳኔዎች መርማሪ ጉባኤ ያመለክታል፣ ለዚህ ያለው 9 ቀን ብቻ ነው። ሚኒስትሩ ራሳቸው ከወሰኑ ግን ጉባኤው አያየውም። የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው፤ እሱም የሚያየው ውሳኔው ሕጉን መከተሉን እንጂ የልጁን ጠባይ አይደለም።

ጥያቄውን ለመደገፍ ቤተሰቡ ከዚህ የሚልከው ደብዳቤም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቤቱ ክፍት ነው፣ እንቀበለዋለን» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ሆኖም ቢመለስ የሚገጥመው ችግር ከሚመዘኑት ነጥቦች አንዱ ስለሆነ ሊጎዳው ይችላል። እዚያ ልጆች ካሉት የእነሱ ጥቅም ከባድ ሚዛን አለው፤ መጀመሪያ መነሳት ያለበት እሱ ነው።