የላፕቶፕ ሙዚቃ በጣና ዳር፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የላፕቶፕ ሙዚቃ ማለት ሙዚቀኛው ኮምፒውተሩን ዋና መሣሪያ አድርጎ መድረክ ላይ የሚወጣበት፣ አስቀድሞ ያሰናዳቸውን ወይም እዚያው የሚፈጥራቸውን ድምፆች በተመልካች ፊት እያዋሃደ የሚያቀርብበት ስልት ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዓለም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫሎች የተለመደ ሆኗል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው)። በሄደበት ሁሉ ግን አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፦ ይህ ሰው እየተጫወተ ነው ወይስ የተቀዳ ነገር ከፍቶ ቆሟል?

በባሕር ዳር ጥያቄው የተለየ ክብደት አለው። ከተማዋ በጣና ደቡባዊ ጫፍ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከጎጃምም ከጎንደርም የሚመጣ አዝማሪ የሚገናኝባት ናት። እዚህ ያደገ አድማጭ ሙዚቀኛን የሚመዝንበት መለኪያ ላፕቶፕ ከመምጣቱ ብዙ ዘመን በፊት የተበጀ ነው።

ከካይሮ እስከ አዲስ አበባ

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ከፓሪስ ይጀመራል። ፒየር ሼፈር በ1948 በፈረንሳይ ሬዲዮ ስቱዲዮ የባቡርና የሌሎች ነገሮችን ድምፅ ቀድተው፣ ቆራርጠውና ደጋግመው ሙዚቃ ሠሩ። ከዚያ 4 ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ በ1944፣ ሃሊም ኤል-ዳብ የተባሉ ወጣት ግብፃዊ ካይሮ ውስጥ ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅጃ ተውሰው የሴቶች የዛር ሥነ ሥርዓት ቀድተው ነበር። የቀዱትን እንዳለ አልተዉትም። ዝማሬውን በማስተጋቢያ ክፍል አሳልፈው፣ ቃናውን ለውጠው፣ ከዛሩ ድምፅ ዛሩን ራሱን የማይመስል ነገር አወጡ፤ በዚያው ዓመት ካይሮ ውስጥ ለሕዝብ አሰሙት። ቀዳሚው እሳቸው ናቸው ወይስ ሼፈር በሚለው ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች አንድ አይደሉም። ዓመቶቹን ለሚያይ ሰው ግን ነገሩ ግልጽ ነው።

ዛር ደግሞ ለዚህ አካባቢ ሰው ባዕድ ነገር አይደለም። ሥርዓቱ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ የሄደው ከኢትዮጵያ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው፤ የማይቀበሉትም አሉ። የመጀመሪያው አባባል እውነት ከሆነ፣ በመቅጃ ተለውጦ ሙዚቃ ከሆነው የመጀመሪያ ድምፅ ጀርባ የሰሜን ኢትዮጵያ ከበሮና እልልታ አለ ማለት ነው።

ኤል-ዳብ ኒው ዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያና የፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከሠሩ በኋላ በ1962 ወደ አዲስ አበባ መጡ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገናና ከበሮ የየራሳቸው ቦታና ሥርዓት ነበራቸው፤ በአንድ መድረክ ተሰብስበው የተቀናበረ ሥራ ሲያቀርቡ ማየት ለዘመኑ ተመልካች አዲስ ነገር ነበር። ቡድኑ በኋላ በጆን ኮ፣ ከዚያም በተስፋዬ ለማ መሪነት ቀጠለ። በ1969 አሜሪካን ሲዞር የተጠራው "ብሉ ናይል ግሩፕ" ተብሎ ነው፤ የዓባይን ስም፣ ማለትም ከዚህ ከእኛው ከተማ የሚወጣውን ወንዝ ስም ይዞ ተጓዘ። በመቅጃ ማሽን ሙዚቃ በመሥራት ከቀዳሚዎቹ የሆኑት ሰው እና የማሲንቆ ኦርኬስትራ የመሠረቱት ሰው አንድ መሆናቸው ለዚህ ዳሰሳ ትልቅ ጉዳይ ነው። "ኮምፒውተርና ባህል አይገናኙም" የሚለው ክርክር ይህን ታሪክ ሳይመልስ ማለፍ አይችልም። ኤል-ዳብ በ2017 ዓረፉ።

ከኪቦርድ ወደ ላፕቶፕ

በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የከተሞችን የምሽት ሙዚቃ አሳጠረ። አንድ ሰው ከማሽን ጋር ብቻውን ባንድ የሚሆንበት ሙዚቃም በዚሁ ዘመን ብቅ አለ።

የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ከ1981 የአሜሪካ ጉዞ በኋላ ዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 ያወጡት ካሴት አኮርዲዮንን ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ከከበሮ ማሽን ጋር ያዋሃደ፣ አንድ ሰው ብቻውን ባንድ የሆነበት ሥራ ነበር፤ በ2013 እንደገና ሲታተም የዓለምን ጆሮ አገኘ። በአገር ውስጥም በየሠርጉ አንድ ሰው ከነምት ማጫወቻው ኪቦርድ ተክሎ፣ ከሁለት ሞንታርቦ ጋር እስኪነጋ ማስጨፈር የተለመደ ሆነ። በዚህ መልኩ ሲታይ ባሕር ዳር በማሽን ምት መጨፈር የጀመረችው ላፕቶፕ ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው። የኪቦርዱ ተጫዋች ምቱን ማሽኑ እየመታለት "አልተጫወተም" ያለው አልነበረም፤ ጣቱ ይታያል፣ ሙሽራው ሲገባም ዜማውን ይለውጣል።

በስቱዲዮ በኩል እንደ ኤልያስ መልካ ያሉ አቀናባሪዎች ኮምፒውተርን የአልበም ሥራ ማዕከል አደረጉት። በመድረክ በኩል ለውጡን ያመጣው በ2001 በርሊን ውስጥ የወጣው ኤብልተን ላይቭ የተባለው ሶፍትዌር ነው። ከፈጠሩት አንዱ ሮበርት ሄንከ ራሱ መድረክ ላይ የሚጫወት ሙዚቀኛ ስለነበር፣ ቁርጥራጭ ድምፆችን ምቱ ሳይዛነፍ ማስነሳትና ማቆም እንዲቻል ሆኖ ተሠራ። በ2010ዎቹ እንደገና ሙሉ የተባሉ ሙዚቀኛ "ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ" ያሉትን መንገድ ከፈቱ፤ ሚካኤል ሰይፉም በ2014 እና በ2016 ባወጧቸው ሥራዎች የአገር ቤት ድምፅን ከኮምፒውተር ቅንብር ጋር አጋቡ። ሮፍናን ኑሪ ደግሞ በ2018 "ነጸብራቅ" በተሰኘው አልበማቸው ይህን ሙዚቃ ከጥቂት አድማጮች ክበብ አውጥተው ለብዙኃኑ ወጣት አደረሱት።

የክርክሩ ይዘት

በውጭ ክርክሩ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ወገን ከመሣሪያ ጀርባ የሚታይ ድካም ከሌለ መድረክ አያስፈልግም ይላል። ሌላው ሥራው በስቱዲዮ እንዳለቀና ተመልካቹ ዓይኑን ትቶ ጆሮውን መክፈት እንዳለበት ያስረዳል። በ2004 ሀምቡርግ ላይ የተመሠረተው ቶፕላፕ የተባለ ስብስብ "ስክሪናችሁን አሳዩን" የሚል መርሕ አወጣ፤ አባላቱ ፕሮግራሙን እዚያው እየጻፉ ሲጫወቱ ጽሑፉ በትልቅ ሸራ ላይ ለሕዝብ ይታያል። የፕሪንስተን የላፕቶፕ ኦርኬስትራ በ2005 ሲጀመር ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ክብ ድምፅ ማጉያ ሰጠ፤ ድምፁ ከሩቅ ግንብ ላይ ሳይሆን ሰውየው ከተቀመጠበት ይወጣል። ካናዳዊው ዴድማውስ በ2012 እሱና መሰሎቹ በትልልቅ መድረኮች የሚሠሩት በአብዛኛው "ፕሌይ" መጫን መሆኑን በግልጽ ሲጽፍ ደግሞ ክርክሩ እንደገና ጋለ።

ለጣና ዳር አድማጭ የቀረበው የአዝማሪ ቤት ልምድ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በመካከል ይዞራል። ከተቀመጡት አንዱ "ተቀበል!" ይልና ሁለት መስመር ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ወዲያው ተቀብሎ በዜማው ውስጥ ያስገባዋል፣ ከራሱም ይጨምርበታል፣ የእንግዳውን ስም፣ ልብስና ፀባይ ሳይቀር በሰምና ወርቅ ይመልሳል። የተደሰተ ሰው ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። እዚህ ላይ የእጅ ፍጥነት ዋናው ነገር አይደለም። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፤ አዝማሪው ተደጋጋሚ ሐረግ ሌሊቱን ሙሉ ቢመታ ማንም አይነቅፈውም። የሚነቀፈው የተሰጠውን መቀበል ሲያቅተው ነው።

ይህ መለኪያ ከሁለቱም የውጭ ወገኖች የተሻለ ነው። የእጅ እንቅስቃሴ ማሳየት ማስመሰልም ይቻላል፤ ምንም የማይለውጥ ማዞሪያ እየነካኩ፣ እየተወዛወዙ ፕሌይባክ መክፈት ከባድ አይደለም። ስክሪን ማሳየትም ፕሮግራም ለማያውቅ ሰው ብዙ አይነግረውም። ተመልካቹ እስክስታ ሲወርድ ምቱን የሚያራዝም፣ ሲደክም የሚያበርድ፣ ከጎኑ የቆመው ማሲንቆ መቺ የጣለለትን ሐረግ እዚያው ቀድቶ የሚመልስ ላፕቶፕ ተጫዋች ግን ተቀብሏል። ለአንድ ሰዓት የተዘጋጀ ፋይል ከፍቶ የቆመ አልተቀበለም፤ ሥራው ግሩም ቢሆንም ቦታው ቁጭ ተብሎ የሚደመጥበት አዳራሽ ነው፣ በዚያም ክብር ይገባዋል። እንደ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ባሉ መድረኮች ከበሮና ትከሻ ሲነጋገሩ አይቶ ያደገ የባሕር ዳር ወጣት ልዩነቱን ለማወቅ አስረጂ አያስፈልገውም።

ቅኝት፣ ምትና መዘግየት

መቀበል ግን ቴክኒክ ይጠይቃል። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ሙዚቃውን በአራት በአራት ምት የሚከፍል ሲሆን የአገራችን ችክችካ በስድስት ይሄዳል፤ ተጫዋቹ አስቀድሞ ካላስተካከለው የሚያስነሳው ቁርጥራጭ ሁሉ ያለ ቦታው ይወድቃል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በአምስት ድምፅ የሚቆሙ ቅኝቶች ናቸው፤ በኪቦርድ ላይ በቅርብ ድምፅ ሊመቱ ይችላሉ፣ የማሲንቆ መቺው ጣት ግን በእኩል በተከፋፈሉት 12 ድምፆች መካከልም ያርፋል። ኤብልተን ላይቭ ድምፆችን በሌላ ሥርዓት ማስተካከል የሚያስችል መሣሪያ ያካተተው በ2024 በወጣው 12ኛ ዕትሙ ነው።

መዘግየትም አለ። ኮምፒውተሩ የሚገባለትን ድምፅ በጥቅል ይቀበላል። በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፁን ቅጽበታዊ ልኬት) እየወሰደ 512ቱን በአንድ ጥቅል ቢይዝ ቢያንስ 11.6 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፤ ጥቅሉን ወደ 128 ዝቅ ቢያደርጉት ወደ 2.9 ይወርዳል፣ ነገር ግን ማሽኑ ይጨናነቃል፣ ድምፁም ሊቆራረጥ ይችላል። ማሲንቆው በላፕቶፑ በኩል አልፎ የሚመጣ ከሆነ መቺው ራሱን ዘግይቶ ይሰማል። ስለዚህ የማሲንቆውን ድምፅ በቀጥታ ወደ ሚክሰር፣ ቅጂውን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ መላክ ይመረጣል።

ሐይቁ፣ ወቅቱና መብራቱ

ጣና ለድምፅ ያልተለመደ ስፍራ ነው። ምሽት ላይ ከውኃው በላይ ያለው አየር ከላይኛው ቀድሞ ሲቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ፀጥ ባለ ሐይቅ ላይ ሩቅ ይሄዳል። ዝቅተኛው የቤዝ ድምፅ በአየር ስለማይዋጥ ደግሞ ከሁሉ ይርቃል። ዳር ላይ የተተከለ ሞንታርቦ ፊቱ ወደ ውኃ ከዞረ ገዳማቱ ያሉበትን አቅጣጫ ነው የሚያየው፤ ወደ ከተማው ማዞር ለሁሉም ይበጃል። አየሩ በዚህ ከፍታ ከባሕር ጠለል ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ስለሆነ የላፕቶፕ ማቀዝቀዣ በቀን ፀሐይ ይቸገራል፤ ጥላ የግድ ነው።

የሙዚቃ ወቅቱን የሚወስነው ጾሙ ነው። ከጥምቀት በኋላ ባለው ጥር እና ከፋሲካ በኋላ ሠርግና ጭፈራ ይበዛል፤ በዐቢይ ጾም ይቀዘቅዛል። መብራት በመሐል ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ሞንታርቦው ግን ዝም ይላል፤ ጄኔሬተር ያልያዘ አዘጋጅ መድረክ ባይተክል ይሻላል። በ2023 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሰዓት እላፊና የኢንተርኔት መቋረጥ የምሽት መርሐ ግብሮችን ክፉኛ ጎድቷል። ወጣት አቀናባሪዎች ቅንብራቸውን በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ማቀባበል የሚያስፈልጋቸው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

የያሬድ ዜማ ጉዳይ

ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው የቤተ ክርስቲያን ድምፅን ቆርጦ ለጭፈራ ማዋል ነው። ክብራን ገብርኤል፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ በዚህ ሐይቅ ላይ ናቸው፤ ማሕሌቱ ከነመቋሚያው፣ ከነጽናጽሉና ከነከበሮው የዕለት ሕይወት ነው። ዜማው የሁሉም ቅርስ ስለሆነ ለፈጠራ ክፍት ይሁን የሚሉ አሉ። ሙላቱ አስታጥቄ ሃርቫርድ በነበሩበት ጊዜ በቅዱስ ያሬድ ላይ ያተኮረ ኦፔራ ከፊሉን ማቅረባቸውም በምሳሌነት ይነሳል። ነገር ግን ኦፔራው ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው የተጻፈ የራሱ ድርሰት ነው፤ የቅዳሴ ቅጂ ወስዶ ቤዝ መደርደር ከዚህ ጋር አይነጻጸርም። ዋሽንት አለ፣ ማሲንቆ አለ፣ የታንኳ ቀዛፊው እንጉርጉሮ አለ፣ የዘጌ ቡና ሲወቀጥ የሙቀጫው ምት አለ። ይህ ሁሉ ባለበት አገር፣ የመነኮሳቱን ጸሎት ሳያስፈቅዱ ወደ መድረክ ማውጣት አግባብ አይደለም።