ማይም ምንድን ነው?

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ስም ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እኛ ማይም የምንለው ፊደል ያልቆጠረ ሰውን ነው፤ ይህኛው ማይም ግን ሥራው ሁሉ ፊደል መቁጠር ነው። ኢሜይል ከተራ የላቲን ጽሑፍ አልፎ ያጌጠ ገጽ፣ ፎቶ፣ ፒዲኤፍ ወይም የግዕዝ ፊደል ይዞ እንዲጓዝ የሚያደርገው የአስተሻሸግ ደንብ ማይም ይባላል። ቃሉ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ሲሆን፣ ሲፈታ ለብዙ ዓላማ የሚያገለግል የኢንተርኔት ፖስታ ማስፋፊያ እንደማለት ነው።

እኔ ደንቡን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ለሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ ጃንጎ በሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም፣ ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር። እንግዳ ክፍል ሲይዝ ድረ ገጹ ራሱ ኢሜይል ይልክለታል፦ በኤችቲኤምኤል፣ ማለትም ድረ ገጽ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ ያማረ የማረጋገጫ ደብዳቤ፣ በአባሪነት ደግሞ ደረሰኙንና ከፋሲል ግቢ ወደ ማረፊያው የሚያመጣውን ካርታ የያዘ ፒዲኤፍ። ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው የማረፊያው ባለቤት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ እንግዶቹ ደብዳቤ አላየንም ይላሉ።»

«እትዬ፣ እዚህ ተልኳል ይለኛል።»

«መላኩንማ ተልኳል፤ ደረሰኙ ደርሷቸዋል። ሰላምታ የለውም እንጂ። እኔ ለእንግዳ ያለ ሰላምታ ደረሰኝ እሰዳለሁ?»

ጥፋቱ የት እንደነበር ለማየት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጻፍ የታሰበው ለተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ነበር። በ7 ቢት የሚወከሉ 128 ምልክቶች አሉ፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ መንገድ ላይ ሊበላሽ ይችላል። ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ እ.ኤ.አ. በ1992 ማይምን ይዘው ሲመጡ መንገዱን አላፈረሱም። ዕቃው በአሮጌው መንገድ የሚያልፍበትን አስተሻሸግ አበጁ እንጂ። ብልሃታቸውን የማደንቀው ለዚህ ነው፤ የዓለምን ሰርቨር ሁሉ ቀይሩ ቢሉ ኖሮ ማንም ባልሰማቸው።

አስተሻሸጉ እንዲህ ነው። መልእክቱ በክፍል በክፍል ይከፈላል፤ በክፍሎቹ መካከል በሌላ ቦታ የማይገኝ የድንበር መስመር ይሰመራል። በእያንዳንዱ ክፍል አናት ላይ «ይህ ተራ ጽሑፍ ነው»፣ «ይህ ኤችቲኤምኤል ነው»፣ «ይህ ፒዲኤፍ ነው፤ አባሪ ነው፤ የፋይሉም ስም ይህ ነው» የሚል መግለጫ ይጻፋል። ክፍሎቹን የሚይዘው ዕቃ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እኔን የጣለኝም ይኸው ነው።

አንዱ ዕቃ «ድብልቅ» ይባላል። እንደ አገልግል ነው፦ እንጀራውም ወጡም አብሮ ይገባል፣ የተቀበለውም ሁሉንም ያወጣል። ሌላው «አማራጭ» ይባላል፤ አንድ መልእክት በተለያየ መልክ የሚቀመጥበት ነው። የጎንደር የትርጓሜ መምህራን አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ እንደሚፈቱት መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ፣ መምህሩ አንድምታውን ሁሉ ሲያሰሙ የኢሜይል ማንበቢያው ግን አንዱን ብቻ መርጦ ሌላውን ይሰውራል። ምርጫው ደግሞ በቅደም ተከተል ነው። ተራው ጽሑፍ ይቀድማል፣ ኤችቲኤምኤሉ ይከተላል፤ ማንበቢያው ከሚችላቸው መካከል የመጨረሻውን ያሳያል።

እንግዲህ ደብዳቤና አባሪ ያለው ኢሜይል በትክክል ሲታሸግ፣ ከውጭ ድብልቁ ዕቃ ይሆናል። በውስጡ ሁለቱን የደብዳቤ መልኮች የያዘው አማራጭ ይቀመጣል፤ ከእርሱ ጎን ፒዲኤፉ። ጃንጎ ይህን ሁሉ በራሱ ይሠራል፤ ከሠሪው የሚፈለገው ለእያንዳንዱ ነገር ተገቢውን ትእዛዝ መስጠት ብቻ ነው። ለኤችቲኤምኤሉ «አታች አልተርናቲቭ»፣ ለፋይሉ «አታች» የሚባሉ ትእዛዞች አሉ። እኔ ሁለቱ ስሞች ተመሳሰሉብኝና ፒዲኤፉን በመጀመሪያው አስገባሁት። ማንበቢያዎቹ ምን ያድርጉ? ደረሰኙን የደብዳቤው ሌላ መልክ አድርገው ወሰዱት፤ መጨረሻ ላይ ስለተቀመጠም እርሱን አሳይተው የእትዬን ሰላምታ ሰወሩት። ጃንጎ ስህተት አላለኝም፤ እንደ ደንቡ ስህተት አልነበረምና።

አባሪው ራሱ ቤዝ64 በሚባል ስልት ወደ ተራ ምልክቶች ይለወጣል። እያንዳንዱ 3 ባይት 4 ምልክት ስለሚሆን ፋይሉ በሢሶ ያድጋል፤ የ20 ሜጋባይት ሰነድ ከ26 ሜጋባይት በላይ ሆኖ ይጓዛል። 25 ሜጋባይት ይፈቀዳል ሲባል ሰምቶ 24 የሚያያይዝ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ስለ ኤችቲኤምኤሉ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ማንበቢያዎች ጃቫስክሪፕት የተባለውን የድረ ገጽ ፕሮግራም አያስኬዱም፣ ውጭ የተቀመጠ የስታይል (የማስዋቢያ) ፋይልንም በአብዛኛው አይቀበሉም፤ ስለዚህ ቀለሙና መጠኑ እዚያው በየኤችቲኤምኤል መለያው (ታጉ) ውስጥ ይጻፍ።

ትእዛዙን አስተካክዬ ለእትዬ አዲስ ኢሜይል ከላክሁላቸው በኋላ፣ በላፕቶፔ የመልእክቱን ጥሬ መልክ ከፍቼ አሳየኋቸው። ርእሱ «ጎንደር ይጠብቅዎታል» ነበር፤ በጥሬው ግን የላቲን ፊደልና የቁጥር ዝብርቅ ነው። መነጽራቸውን አደረጉና «ጎንደር የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። አጻጻፉን ከሚያስታውቀው መክፈቻ ቀጥሎ ያሉትን 16 ምልክቶች በጣቴ አሳየኋቸው። የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ8 በሚባለው የኮምፒውተር የፊደል አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ በቤዝ64 ልክ 4 ምልክት ይሆናል፤ ጎ፣ ን፣ ደ፣ ር እያንዳንዳቸው በ4 ቁጥርና «ዋይ» በሚባለው የላቲን ፊደል ይጀምራሉ። እትዬ አንድ በአንድ ቆጠሩ፣ አራቱንም አገኙ። «ይጠብቅዎታል» ላይ ሲደርሱ ግን ያ አጀማመር ጠፋባቸው።

«በቃላቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ 1 ባይት ብቻ ነው» አልኳቸው፤ «ከዚያ በኋላ አቆጣጠሩ ይዛነፋል።»

«ሁለት ነጥቡስ?»

ሁለት ነጥብ እንደ ፊደሎቻችን 3 ባይት ነው፤ በእርሱ ቢለያይ ኖሮ አይዛነፍም ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ታዲያ እኛ በሁለት ነጥብ ስንጽፍ ምን ሆነብን?» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ።