ሞለኪውልን ዞሮ ማየት፦ የካሜራ አኒሜሽን በፓይሞል

ደማችንን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን ነው። ኦክስጅንን ከሳንባ ተሸክሞ ለመላው ሰውነት የሚያደርሰውም እሱ ነው። የዚህ ፕሮቲን ሥዕል ግን ወረቀት ላይ ሲታይ የተጠላለፈ ክር ይመስላል። የቱ ከፊት፣ የቱ ከኋላ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ያንኑ ሥዕል ኮምፒውተር ላይ ግራና ቀኝ ወዝወዝ ሲያደርጉት ነገሩ ይቀየራል። የፊቱ ክር ወደ አንድ ወገን ሲሄድ የኋላው ወደ ሌላው ይሄዳል። ዓይን ጥልቀቱን ወዲያው ይረዳል። የካሜራ አኒሜሽን፣ ማለትም ሞለኪውሉን የምናይበትን አቅጣጫ ማንቀሳቀስ፣ ዋና ጥቅሙ ይኸው ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ሳይንቲስቱ ሳይረስ ሌቪንታልና ባልደረቦቹ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በመስመር የተሣለ ፕሮቲን ስክሪን ላይ ያሽከረክሩ ነበር። ዛሬ ይህን ከሚሠሩት ሶፍትዌሮች መካከል ቪኤምዲ፣ ካይሜራኤክስና ፓይሞል በሰፊው ይታወቃሉ። ፓይሞልን ዋረን ዲላኖ በ2000 ለሕዝብ አቀረበው። ዲላኖ በ2009 በወጣትነቱ አረፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ሥራውን ሽሮዲንገር የተባለው ኩባንያ ተረከበ። ኮዱ ክፍት የሆነው እትም አሁንም በነፃ ይገኛል።

ፓይሞል አንድን እይታ የሚያስታውሰው በ18 ቁጥሮች ነው። ዘጠኙ ሞለኪውሉ ከየት አቅጣጫ እንደሚታይ ይናገራሉ። ሦስቱ የካሜራው ቦታ ናቸው፤ ሦስቱ ደግሞ የሚዞርበት መሐል። ሁለቱ እይታው ከፊትና ከኋላ የት ላይ እንደሚቆረጥ ይወስናሉ። የመጨረሻው የርቀት አሳሳሉን፣ ማለትም የራቀው አንሶ መታየቱን፣ ይመለከታል። ቪዲዮ የሚሠራው ከተከታታይ ምስሎች ነው፤ እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። ተጠቃሚው አንድ እይታ አስተካክሎ ፍሬም 1 ላይ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ፍሬም 90 ላይ። እነዚህ ኪፍሬም ይባላሉ። በመሐል ያሉትን ሶፍትዌሩ ራሱ ይሞላቸዋል። በሰከንድ 30 ፍሬም ከሄደ 90 ፍሬም 3 ሰከንድ ነው።

እስቲ በሄሞግሎቢን እንየው። የፕሮቲን ቅርጾች በሚቀመጡበት የፒዲቢ መዝገብ ኦክስጅን ያልያዘው የሰው ሄሞግሎቢን መለያው 4ኤችኤችቢ ነው። ፋይሉ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ ፕሮቲኑ የተሠራባቸውን አራት ሰንሰለቶች በአራት ቀለም እናሳያለን። ከዚያ ካሜራው ቀስ እያለ ወደ አንዱ ሂም፣ ኦክስጅን ወደሚያዝበት ክፍል፣ ይጠጋል። ሂም እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ የብረት አተም አለ። ፓይሞል ብርቱካናማ ያደርገዋል። ከፊት ለፊት ሲታይ ብረቱ ልክ መሐል የተቀመጠ ይመስላል። ካሜራው 90 ዲግሪ ዞሮ ምጣዱን በጠርዙ ሲያሳየን ግን ብረቱ ሂስቲዲን ወደተባለው ጎረቤቱ አሚኖ አሲድ ሳብ ብሎ ወጥቷል። ርቀቱ 0.4 አንግስትሮም ገደማ ነው፤ አንድ አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው። ሳይንቲስቱ ማክስ ፔሩትዝ በ1970 አራቱ ሰንሰለቶች ኦክስጅን ለመያዝ እንዴት እንደሚተባበሩ ሲያብራራ መነሻ ያደረገው ይህችን የብረት ፈቀቅ ማለት ነበር። ከፊት ብቻ የተነሳ ፎቶ ይህን ይደብቀዋል። ለዚህች ዙር እኔ ከ3 ሰከንድ አላሳንስም። ከፈጠነ ተመልካቹ ምን እንዳየ ሳያውቅ ያልፈዋል።

ጀማሪን የሚያስቸግሩ ነገሮች አሉ። ሙሉ 360 ዲግሪ ለማዞር መነሻና መድረሻውን ብቻ ካስቀመጥን ካሜራው ንቅንቅ አይልም። ሁለቱ እይታዎች አንድ ስለሆኑ የሚሞላ ነገር የለም። በየ120 ዲግሪው ኪፍሬም ጣል ማድረግ ይፈታዋል። ሌላው የመቁረጫዎቹ ጉዳይ ነው። እነሱም ከካሜራው ጋር ስለሚንቀሳቀሱ ጉዞው መሐል ላይ ፕሮቲኑ እንደ ዳቦ ተቆርጦ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ጫፍና ጫፉን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ማየት ያስፈልጋል።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ፍሬም እንደ ምስል ወጥቶ ወደ ቪዲዮ ይገጣጠማል። ጥላና ብርሃኑ በጥራት ይሠራ ከተባለ ጊዜ ይበላል። አንዱ ፍሬም 1 ደቂቃ ቢፈጅ የ10 ሰከንድ ቪዲዮ 300 ፍሬም ነው፤ 5 ሰዓት ማለት ነው። መጀመሪያ በዝቅተኛ ጥራት መሞከር ብዙ ልፋት ያድናል።

አንድ ነገር ግን ከልብ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እስካሁን የተንቀሳቀሰው ካሜራው እንጂ ሞለኪውሉ አይደለም። አዲስ ተማሪ ፕሮቲኑ ራሱ በደም ውስጥ እንዲህ የሚሽከረከር ሊመስለው ይችላል። ኦክስጅን ሲገባ ብረቱ እንዴት እንደሚመለስ ለማሳየት ሌላ ቅርጽ ያስፈልጋል፦ ኦክስጅን የያዘው፣ 1ኤችኤችኦ። ሁለቱን ሂሞች አነባብረን ከአንዱ ወደ ሌላው እንሸጋገራለን። በዚያች ሰዓት ካሜራው ምጣዱን በጠርዙ እያየ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ የሚንቀሳቀሰው ብረቱ ብቻ ይሁን።