የዛንዚባር አሮጌ ከተማ የእግር ጉብኝት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስቶን ታውን በሚል ስም የሚታወቀው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረ የወደብ ከተማ ነው። መንገዶቹ ለመኪና የማይመቹ ጠባብ መተላለፊያዎች ስለሆኑ ጎብኚው ከተማውን የሚያየው በእግሩ፣ አብዛኛውን ጊዜም በአስጎብኚ እየተመራ ነው። በእነዚህ ጉብኝቶች ላይ ከሚደጋገሙት ትረካዎች መካከል ከእውነታው የራቁ አሉ። ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ስለ ባሪያ ንግድ የሚነገረው ስለሆነ በእርሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የምናያቸው ቤቶች የሺህ ዓመት ዕድሜ አላቸው»

ደሴቱ ከጥንት ጀምሮ የሰው መኖሪያ መሆኑ አያጠራጥርም፤ በደቡብ ጫፍ በኪዚምካዚ ያለው መስጊድ የ1107 ጽሑፍ ተቀርጾበታል። በአሮጌው ከተማ ያሉት ባለ ፎቅ ቤቶች ግን አብዛኞቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ናቸው። የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ በ1840 ገደማ መናገሻቸውን ከመስካት ወደ ዛንዚባር ሲያዛውሩ የኦማን መኳንንት፣ የህንድ ነጋዴዎች እና የውጭ አገር ቆንስሎች ተከትለዋቸው መጡ፤ ከተማውም ዛሬ የሚታየውን መልክ የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። ግድግዳዎቹ ከኮራል ድንጋይ እና ከኖራ የተገነቡ ሲሆን ወለሎቹ በማንግሮቭ ግንድ ላይ ያረፉ ናቸው። የግንዱ ርዝመት ውስን በመሆኑም ክፍሎቹ ስፋታቸው ከሦስት ሜትር ብዙ አያልፍም። የኮራል ድንጋይ ውኃ ስለሚመጥ ጣሪያው ያፈሰሰ ቤት ሳይጠገን ከቆየ ይፈርሳል። በሱልጣን ባርጋሽ ዘመን በ1883 የተሠራው ቤት አል አጃኢብ (የድንቆች ቤት) የተባለው ቤተ መንግሥት እንኳን በታኅሣሥ ወር 2020 በጥገና ላይ ሳለ በከፊል ተደርምሷል።

«አሮጌው ምሽግ የፖርቱጋሎች ሥራ ነው»

ምሽጉን የሠሩት ፖርቱጋሎችን ከአካባቢው ያስወጡት ኦማናውያን ናቸው። ፖርቱጋሎች በቦታው ላይ ያቆሙት ቤተ ክርስቲያን ነበር።

«ቅርንፉድ የደሴቱ የተፈጥሮ ስጦታ ነው»

የቅርንፉድ ዛፍ የትውልድ ቦታው በዛሬይቱ ኢንዶኔዥያ የሚገኙት የማሉኩ ደሴቶች ናቸው። ወደ ዛንዚባር የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ እርሻው በሱልጣን ሰይድ ሰዒድ ዘመን በከፍተኛ ደረጃ ተስፋፋ። የዛፉ እንቡጥ የሚለቀመው በእጅ በመሆኑ እርሻው በስፋቱ መጠን ጉልበት ይጠይቅ ነበር፤ ያንን ጉልበት እንዲሰጡ የተገደዱት ከምሥራቅ አፍሪካ መሬት ተይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በቅመም ሻጮች ፊት የሚነገረው ታሪክ እና በባሪያ ገበያው ቦታ የሚነገረው ታሪክ አንድ ነው፤ ሁለቱን ለያይቶ የሚያቀርብ ጉብኝት ለጎብኚው የታሪኩን ግማሽ ብቻ ይሰጠዋል።

«በካቴድራሉ አጠገብ ያሉት ጨለማ ክፍሎች በባርነት የተያዙ ሰዎች ገበያ እስኪወጡ የታጎሩባቸው ናቸው»

ይህ ምናልባት በከተማው ከሁሉም የበለጠ የሚደጋገም ትረካ ነው። የአንግሊካን ካቴድራል የቆመው በእርግጥም በባሪያ ገበያው ቦታ ላይ ነው። በሱልጣን ባርጋሽ እና በብሪታንያ መካከል በተፈረመው ስምምነት ገበያው በ1873 ሲዘጋ፣ በዚያው ዓመት የካቴድራሉ መሠረት ተጣለ፤ ግንባታውንም ጳጳሱ ኤድዋርድ ስቲር መርተውታል። በግቢው ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ የሰው ምስሎች በጉድጓድ ውስጥ የቆሙበት መታሰቢያ አለ። ጎብኚዎች ጎንበስ ብለው የሚገቡባቸው ዝቅተኛ ክፍሎች ግን የሚገኙት የአንግሊካን ሚሲዮን ገበያው ከተዘጋ ከዓመታት በኋላ ለሆስፒታልነት በሠራው ሕንጻ ሥር ነው። የታሪክ ምሁራን ክፍሎቹ የሕንጻው ምድር ቤት እንደነበሩ የሚከራከሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የክፍሎቹ ትረካ ትክክል አለመሆኑ የንግዱን እውነትነት በምንም መንገድ አይቀንስም። ሰዎች በዚያ ገበያ መሸጣቸው፣ መገረፋቸው እና በመርከብ መጫናቸው በዘመኑ በነበሩ ምስክሮች የተመዘገበ ነው። ይልቁንም እንዲህ ላለ ከባድ ታሪክ ደካማ ማስረጃ መጥቀስ፣ ንግዱን ለማቃለል ለሚፈልጉ ሰዎች ምቹ መከራከሪያ ያቀብላል። ጥሩ አስጎብኚ ወደ ክፍሎቹ ሊያስገባ ይችላል፤ ነገር ግን የሕንጻውን ዕድሜ አብሮ መናገር ይገባዋል።

«ባርነት በ1873 አበቃ»

በ1873 የተከለከለው በባሕር የሚካሄደው ንግድ እና የአደባባዩ ገበያ ነው። ባርነት ራሱ ሕጋዊ እንደሆነ ቀጠለ፤ ንግዱም በስውር አላቆመም። የባርነት ሕጋዊነት የተሻረው በ1897 ሲሆን፣ ያ አዋጅ እንኳን ቁባቶችን ሳያካትት ቀርቶ እነርሱ ነጻነት ያገኙት በ1909 ነው። ይህ ዝርዝር ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ በሱልጣኖቹ ቤት በቁባትነት ከተያዙት ሴቶች መካከል ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ነበሩና። በባሕር ዳርቻው ባለው የቤተ መንግሥት ሙዚየም ውስጥ ለሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ስለ እነዚህ ሴቶች መጠየቅ ተገቢ ነው እላለሁ።

«የ1896ቱ ጦርነት አጭርና ጉዳት አልባ ነበር»

ዛንዚባር በብሪታንያ ጥበቃ ሥር ሳለች፣ በነሐሴ ወር የሱልጣን ባርጋሽ ልጅ ኻሊድ ቢን ባርጋሽ ያለ ብሪታንያ ፈቃድ ዙፋኑን ሲይዙ የብሪታንያ መርከቦች ቤተ መንግሥቱን ደበደቡ። ውጊያው ከ38 እስከ 45 ደቂቃ እንደቆየ ስለሚነገር በዓለም እጅግ አጭሩ ጦርነት ተብሎ ይጠቀሳል፤ ጎብኚዎችም ብዙውን ጊዜ ሰምተው ይስቃሉ። በዚያች አጭር ጊዜ ግን በዛንዚባር በኩል 500 ያህል ሰዎች ሞተዋል ወይም ቆስለዋል፤ በብሪታንያ በኩል የቆሰለው አንድ መርከበኛ ነው። እንደ ተራ ጨዋታ ሊወራ የሚገባው ነገር አይመስለኝም።

«የበሮቹ የነሐስ ሹሎች ዝሆን ለመከላከል ናቸው፤ ፍሬዲ መርኩሪም የተወለደው በሙዚየሙ ቤት ነው»

ሹል ያለባቸው በሮች ጥንተ መሠረታቸው ከህንድ ነው። ዝሆን በሌለባት በዛንዚባር የባለቤቱን ሀብት ከማሳየት ያለፈ ጥቅም አልነበራቸውም። ሲወለድ ፋሩክ ቡልሳራ ተብሎ የተሰየመው የኩዊን የሮክ ባንድ ዘፋኝ ፍሬዲ መርኩሪም በ1946 የተወለደው በመንግሥት ሆስፒታል ሲሆን፣ በሻንጋኒ ሰፈር በስሙ የሚጠራው ሙዚየም የተከፈተው በ2019 ነው።

«አሮጌው ከተማ በአሮጌዎቹ የድንጋይ ቤቶች ያበቃል»

አብዛኞቹ ጉብኝቶች ከዳራጃኒ ገበያ አጠገብ ካለው ሰፊ መንገድ አያልፉም። ያ መንገድ የተዘረጋው ቀድሞ ከባሕሩ ወደ ውስጥ ይገባ የነበረው ጠባብ ውኃ በነበረበት በኩል ነው። ከውኃው ማዶ ያለው ንጋምቦ ነጻ የወጡ ሰዎች፣ የእጅ ባለሙያዎች እና የጉልበት ሠራተኞች በጭቃና በእንጨት ቤቶች የኖሩበት የከተማው ሌላ ግማሽ ነው፤ ከ1964 አብዮት በኋላም በምሥራቅ ጀርመን እርዳታ የሚቼንዛኒ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንጻዎች ተሠርተውበታል። በባርነት ከኖሩ ወላጆች የተወለደችው የታአራብ (የስዋሂሊ ባሕር ዳርቻ ሙዚቃ) ዘፋኝ ሲቲ ቢንቲ ሳዓድ ዝናዋን ያገኘችው በዚህ ሰፈር ነው፤ በ1928 ወደ ቦምቤይ ተጉዛ በስዋሂሊ ቋንቋ የዘፈነቻቸውን ዘፈኖች በሸክላ አስቀርጻለች። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ የያዘ ጎብኚ መንገዱን ተሻግሮ ንጋምቦንም እንዲያሳየው አስቀድሞ ቢጠይቅ፣ ለጉብኝቱ ሌላ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት መመደብ ይኖርበታል።