ጉልበቱን ሰበቃ አልበላውም፦ ስለሚንከባለሉ ነገሮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድፍን የብረት ኳስ ከግማሽ ሜትር ከፍታ ተዳፋት ላይ ይለቀቃል። ተማሪው እምቅ ጉልበቱን በሙሉ ለቀጥታ ጉዞ ሰጥቶ ያሰላና ታች ሲደርስ በሰከንድ 3.13 ሜትር ይጠብቃል። ሲለካው 2.65 ያገኛል። ከዚያ ሪፖርቱ ላይ ያቺ የተለመደች ዓረፍተ ነገር ትጻፋለች፦ «ልዩነቱ የመጣው በሰበቃ ከባከነ ጉልበት ነው።»

ስህተት ነው። ጎደለ የተባለው ከጠቅላላው ጉልበት ሁለት ሰባተኛ፣ ማለትም 28.6 በመቶ ነው። ሙቀት ሆኖ አልሄደም። ኳሱ እየተሽከረከረ ነው፤ ጉልበቱ እዚያው ሽክርክሪቱ ውስጥ አለ።

ሰበቃ ለምን አይወስደውም? ኳሱ ሳይንሸራተት ሲንከባለል ተዳፋቱን የሚነካው ነጥብ በዚያች ቅጽበት ቆሟል። መሀሉ በሰከንድ 2 ሜትር ወደፊት ቢሄድ፣ የታችኛው ነጥብ ከመሀሉ አንጻር በሰከንድ 2 ሜትር ወደኋላ ይዞራል፤ ድምሩ ዜሮ ነው። የላይኛው ነጥብ ደግሞ በ4 ይሮጣል። ኃይሉ ያረፈበት ነጥብ ካልተንሸራተተ ጉልበት ወደ ሙቀት አይለወጥም። ሰበቃ ከቀጥታው ጉዞ ቀንሶ ለሽክርክሪቱ ያስተላልፋል እንጂ ለራሱ የሚያስቀረው የለም።

ያልተዋጠለት ሰው ይህን ያስብ። ኳሱ ሸካራ ቁልቁለት ወርዶ ፊት ለፊቱ ፍጹም ለስላሳ ዳገት ይጠብቀው። በለስላሳው ላይ ሽክርክሪቱን የሚያረግብ ነገር ስለሌለ፣ ከተነሳበት ከፍታ አምስት ሰባተኛውን ብቻ ወጥቶ ይቆማል፤ ያኔም በቦታው እየተሽከረከረ ነው። ዳገቱ ሸካራ ቢሆን ግን ሽክርክሪቱ ተመልሶ ወደ ከፍታ ስለሚለወጥ እስከተነሳበት ድረስ ይወጣ ነበር። ሰበቃ ጉልበት የሚያጠፋ ቢሆን ውጤቱ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር።

ጉልበት በእርግጥ የሚባክነው ኳሱ ሲንሸራተት ነው። ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ከሆነ ድፍን ኳስ ሳይንሸራተት ለመንከባለል ቢያንስ 0.165 የሰበቃ ኮኤፊሸንት (ሁለት ገጾች ምን ያህል እንደሚያያዙ የሚነግር ቁጥር) ይፈልጋል፤ ቀለበት ደግሞ 0.29። ስለዚህ ለሙከራ ተዳፋቱን ከ15 ዲግሪ አታሳልፉ።

«ከባዱ ይቀድማል፣ ትልቁ ይቀድማል።» አይቀድምም። መጠነ ቁሱም ራዲየሱም ከስሌቱ ይሰረዛሉ፤ የሚወስነው ቁሱ ከመሀል ምን ያህል ርቆ መቀመጡ ነው። ከዚያው ግማሽ ሜትር ድፍን ሲሊንደር በ2.56፣ ስስ ቀለበት በ2.21 ይደርሳል። ቀለበቱ ግማሹን ጉልበት ለሽክርክሪት ከፍሏል።

«ውሃ የሞላ ጣሳ እንደ ድፍን ሲሊንደር ነው።» አይደለም። ውሃው ከጣሳው ጋር እምብዛም ስለማይዞር ጣሳው ይፈጥናል። ውሃው በረዶ ከሆነ ግን አብሮ ይዞራልና ትክክል ነው።

«ደልዳላ ወለል ላይ ኳሱን የሚያቆመው ያው ሰበቃ ነው።» በእኩል ፍጥነት ሳይንሸራተት ሲንከባለል ይህ ሰበቃ ዜሮ ነው። ቀስ በቀስ የሚያቆመው የኳሱና የወለሉ መጎድጎድ፣ ከአየሩ ጋር ሆኖ ነው።

የዙር ፍጥነትን በደቂቃ ዙር እንዳለ የሽክርክሪት ጉልበት ቀመር ውስጥ መክተትም አልቀረም። ቀመሩ የሚፈልገው በራዲያን ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር 6.28 ራዲያን ስለሆነ በደቂቃ 300 ዙር በሰከንድ 31.4 ራዲያን ነው። ቁጥሩ በራሱ ስለሚባዛ፣ 300ን የከተተ ሰው የሽክርክሪት ጉልበቱን 91 እጥፍ ያበዛዋል።

አሁን ሽክርክሪቱን አስገብታችሁም ልኬቱ ከ2.65 በታች ከመጣ፣ «ሰበቃ» ከማለታችሁ በፊት መንገዱን እዩ። ኳሱ የሚሄደው በሁለት ሐዲዶች መካከል ከሆነ የሚንከባለለው በሙሉ ራዲየሱ አይደለም። ራዲየሱ 10 ሚሊሜትር የሆነ ኳስ 12 ሚሊሜትር በተራራቁ ሁለት ነጥቦች ላይ ካረፈ፣ የመንከባለያ ራዲየሱ 8 ሚሊሜትር ነው። ያንኑ ርቀት ለመሄድ የበለጠ መዞር አለበት፤ ጠቅላላው ጉልበት ከቀጥታ ጉዞው ጉልበት በ1.4 እጥፍ ፈንታ 1.625 እጥፍ ይሆናል፤ የታችኛው ፍጥነትም 2.46 ይሆናል። የሐዲዶቹን ክፍተት በካሊፐር ለኩ፣ ከፍታውንም ከጠረጴዛው ሳይሆን ከኳሱ መሀል እስከ ኳሱ መሀል ያዙ።